ፕሪንተሩ አልተቃጠለም፤ አድራሻ ቀይሮ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መምህርት ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች አስጠናለሁ። ለእያንዳንዱ ወርክሺት ፍላሽ ይዤ ኮፒ ቤት መውረድ ሲሰለቸኝ ዋይፋይ ያለው፣ ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር ገዛን። መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበር። አሁን ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ላፕቶፔ ‹ኦፍላይን› ይለኛል። የሚገርመው ከስልኬ ግን ያትማል። አንድ ቴክኒሽያን መጥቶ ከላፕቶፑ አጥፍቶ እንደገና ሲያስገባው ሠራ፤ መብራት ሲሄድ ያው ሆነ። ሁለተኛ ስንጠራው ‹የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ› አለን። ባለቤቴ ደግሞ ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ነው፣ ፓኬጁን ከፍ እናድርገው ይላል። እውነትም ፓኬጁ ሲያልቅ የስልኬን ሆትስፖት እጠቀማለሁ፤ ያኔ ፕሪንተሩ ጭራሽ አይታየኝም። በዚህ ላይ ባለፈው ሳምንት ማንም ሳያዘው የማናውቀው ሰው ሲቪ አተመ። የፕሪንተሩን የኔትወርክ ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ ፕሪንተር አይግዙ። ፓኬጁንም ለዚህ ብለው ከፍ አያድርጉ። ዕቃዎ ደህና ነው፤ ይህንንም የሚመሰክረው የራስዎ ደብዳቤ ነው። «ከስልኬ ግን ያትማል» ብለዋል። የዋይፋይ ካርዱ ቢቃጠል ኖሮ ስልኩም ላፕቶፑም አያገኙትም ነበር። ለስልክ እየሠራ ለላፕቶፕ ብቻ የሚቃጠል ካርድ የለም።

የላኩት ፎቶም ያንኑ ይላል። ከላይ የዋይፋዩ ስም አለ፤ የእናንተው ቤት ነው። ዝቅ ሲል የሲግናሉ ጥንካሬ ጥሩ መሆኑ ተጽፏል። ከዚያ «አይፒ አድሬስ» (ዕቃው ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ከሚለው ፊት ለፊት 192.168.1.9 ይነበባል። መጀመሪያ የፈለግሁት ይህችን መስመር ነው። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ፣ ፕሪንተሩ ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን) አድራሻ ማግኘት አቅቶት ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ስለሚሆን ወሬያችን ሌላ ነበር። የእርስዎ ግን ራውተሩ በወጉ የሰጠው ነው። ፕሪንተሩ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ የጠፋበት ላፕቶፑ ነው።

እንዴት ጠፋበት? ራውተር ቤት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ለስልኩም ለቴሌቪዥኑም ለፕሪንተሩም፣ ቁጥር ያድላል። ይህ ዕደላ ዲኤችሲፒ ይባላል። ቁጥሩ ለተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ ውሰት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይታደሳል። መብራት ባልጠፋበት ጊዜ ያው ቁጥር ስለሚታደስ ማንም ልብ አይለውም። መብራት ሲሄድ ግን ብዙ የቤት ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የያዙትን መዝገብ ይረሱታል። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሻማል፤ የባለቤትዎ ስልክ ቀድሞ በ4 የሚያልቀውን ቁጥር ቢወስድ ለፕሪንተሩ በ9 የሚያልቀው ይደርሰዋል። ላፕቶፑ ደግሞ ቴክኒሽያኑ ያስገቡለት ዕለት ፕሪንተሩን ያወቀው፣ እንበል፣ በ4 ነው። ዛሬም እዚያው ያንኳኳል። ተከራይ ብሎክ ቀይሮ ሳለ እንግዳው የድሮውን በር ሲደበድብ እንደማለት ነው፤ የሚከፍትለት ሲያጣ «ኦፍላይን» ብሎ ይመለሳል።

ስልክዎ ለምን አይሳሳትም ካሉ፣ ስልክ የድሮ አድራሻ ላይ አይመካም። ባተሙ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ቆሞ «የፕሪንተር ያለህ!» ብሎ ይጣራል፤ ፕሪንተሩም የዛሬውን አድራሻውን ይነግረዋል።

ቴክኒሽያኑ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ለምን እንደሠራ አሁን ይገባዎታል። አጥፍተው ሲያስገቡት ላፕቶፑ የዚያን ቀን አድራሻ መዘገበ። ያ አድራሻ የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ ነው፤ በእናንተ ሰፈር ደግሞ ያ ስንት ቀን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የሠራ ነገር ነው፣ ግን መፍትሔ አይደለም። ሁለተኛውን፣ «ተቃጥሏል» ያሉትን ግን አልቀበልም። አንድ ገጽ ከስልክ አትሞ ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የታተሙትን ሳይሆን ያልታተሙትን ያጽዱ። አንድ ወርክሺት «አልታተመም» እያሉ ደጋግመው አዝዘውት ከሆነ ትእዛዞቹ ላፕቶፑ ውስጥ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው፤ ግንኙነቱ የተስተካከለ ዕለት በአንዴ ተግተልትለው ይወጣሉ፣ ወረቀትዎም ቀለምዎም ይሄዳል። የፕሪንተሩን ስም ከፍተው ወረፋውን ይመልከቱና ሁሉንም ይሰርዙ። «በመሰረዝ ላይ» ብሎ የሚቆይ ግትር ካለ፣ ዊንዶውስ ውስጥ «ሰርቪስስ» የሚለውን ፈልገው የሕትመት ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ «ፕሪንት ስፑለር» የሚባለውን ሪስታርት ያድርጉት። ከዚያ በኋላም አልለቅ ካለ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት ነው። እግረ መንገድዎን እዚያው ወረፋው መስኮት ላይ «ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን» የሚለው ላይ የራይት ምልክት ካለ ያንሱት። አንዳንዴ ጠቅላላው ጣጣ ይህች ምልክት ብቻ ሆና ትገኛለች።

ቀጥሎ ላፕቶፑ የቤቱ ዋይፋይ ላይ መሆኑን አረጋግጠው ክሮም ይክፈቱና ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቦታ ላይ የፕሪንተሩን ቁጥር፣ 192.168.1.9ን፣ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ቁጥሩን ከፎቶው ሳይሆን በዚያው ቀን ካተሙት አዲስ ወረቀት ይውሰዱ፤ በመሀል መብራት ሄዶ ሊሆን ይችላል። የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ይከፈታል። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ አይደንግጡ፤ የገዛ ቤትዎ ዕቃ ነውና አልፈው ይግቡ። ገጹ ከተከፈተ በላፕቶፑና በፕሪንተሩ መካከል ያለው መንገድ ጤነኛ ነው፤ የቀረው አድራሻ ማስተካከል ብቻ ነው።

ካልተከፈተ ደግሞ ከአድራሻ ሌላ የሚጠረጠር አለ ማለት ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ቪፒኤን ነው፤ የኢንተርኔት መንገድዎን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር ፕሮግራም ማለት ነው። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን በርቶ ከሆነ የቤት ውስጡን መንገድ ሊዘጋው ይችላል፤ አጥፍተው ይሞክሩ። ቀጥሎ ላፕቶፑ የገባው ራውተሩ ለእንግዳ በከፈተው ሌላ ዋይፋይ እንዳልሆነ ያረጋግጡ፤ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳይገናኝ ሆን ተብሎ ይታጠራል። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ የቤትዎን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ይቀይሩት። «ፐብሊክ» ማለት ለዊንዶውስ የካፌ ዋይፋይ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይጠራጠራል።

አሁን ዋናው። ፕሪንተሩ መብራት ሄደ መጣ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲይዝ እናደርጋለን። ይህ የሚደረገው ራውተሩ ላይ ነው። ራውተሩን ገልብጠው ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይመልከቱ፤ የራውተሩ አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው)፣ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ እዚያ አለ። ይህ ፓስወርድ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። አድራሻውን ክሮም ላይ ጽፈው ሲገቡ «ላን» ወይም «ኔትወርክ» የሚል ክፍል ውስጥ «ዲኤችሲፒ» ያገኛሉ። በዚያ ሥር እንደ ራውተሩ ዓይነት «ስታቲክ ዲኤችሲፒ»፣ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ወይም «ባይንዲንግ» የሚል አለ። ሦስቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

የሚሞሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የፕሪንተሩ ማክ አድሬስ ነው፤ ከኔትወርኩ ወረቀት ላይ ያገኙታል። ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት የተቀላቀሉበት፣ ሁለት ሁለት እየሆነ የተጻፈ አሥራ ሁለት ምልክት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያለ መታወቂያው ስለሆነ መብራት አይለውጠውም። ዜሮን ከ‹ኦ› አያምታቱ፤ ማክ አድሬስ ውስጥ ‹ኦ› የሚባል ፊደል ጭራሽ የለም፣ ክብ ሆኖ ባዶ የሆነው ሁሉ ዜሮ ነው፣ ‹ዲ›ን ብቻ ይጠንቀቁ። ሁለተኛው እንዲይዝ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። 192.168.1.9ኙ እዚያው ይቆይ፣ ለምን እናንገላታዋለን። ሴቭ አድርገው ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት፤ ዳግም እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁትና ፕሪንተሩንም እንደዚሁ።

የራውተሩ ገጽ ይህን አማራጭ ካልሰጠ፣ ወይም ፓስወርዱ ተቀይሮ ማንም የማያውቀው ከሆነ፣ በፕሪንተሩ በኩል መሄድ ይቻላል። ቅድም ክሮም ላይ በከፈቱት የፕሪንተሩ ገጽ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አድራሻውን ከ«ኦቶ» ወደ «ማኑዋል» ይለውጡና 192.168.1.200፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ ደግሞ የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ። ከፍ ያለ ቁጥር የመረጥኩት ራውተሩ ብዙ ጊዜ ከታች ጀምሮ ስለሚያድል፣ በእናንተ ቤት ደግሞ እስከ 200 የሚደርስ ዕቃ ስለማይኖር ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። ዕደላውን የሚያውቀው ራውተሩ ነውና ያንን ቁጥር ለሌላ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ማስታረቅ ነው፣ የመጨረሻ ጊዜ። የድሮውን ፕሪንተር ከዝርዝሩ ያጥፉና «አድ ዲቫይስ» ይበሉ። ላፕቶፑ ራሱ ፈልጎ ሲያመጣልዎ ቸኩለው አይጫኑት፤ ብዙ ጊዜ ያ መንገድ ዊንዶውስ ራሱ በሚያበጀው «ደብሊውኤስዲ» በሚባል ፖርት (የግንኙነት መስመር) ያስገባዋል፣ እሱ ደግሞ ከእንቅልፍ ሲነሳ ፕሪንተሩን የመሳት ጠባይ አለው። ትንሽ ሲቆዩ በእጅ ማስገባት የሚል አማራጭ ይመጣል፤ ያንን ይዘው «ቲሲፒ አይፒ አድሬስ» የሚለውን ይምረጡና 192.168.1.9ን (በማኑዋሉ መንገድ ከሄዱ 192.168.1.200ን) ያስገቡ። ድራይቨር (ላፕቶፑ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ከጠየቀ ለፕሪንተሩ ሞዴል የሚሆነውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣው ሲዲ ካለዎት ይተዉት፤ ያረጀ ነው፣ ላፕቶፕዎም ሲዲ የሚጎርስ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ሠርተው ገጽ እየታተመ ሳለ እንኳ «ኦፍላይን» እያለ የሚዋሽ ከሆነ፣ በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፖርትስ» ከሚለው ገብተው «ኮንፊገር ፖርት» ላይ «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢኔብልድ» የሚለውን ምልክት ያንሱለት።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ዋይፋይና ኢንተርኔት በብዙ ቤት እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ለማተም ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም። ወርክሺቱ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ፕሪንተሩ ነው የሚሄደው፤ ከቤታችሁ በር አይወጣም። ፓኬጁ ቢያልቅም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይህን ሥራ ይሠራል። እርስዎ ግን ፓኬጁ ሲያልቅ ላፕቶፑን ወደ ስልክዎ ሆትስፖት ያዞሩታል፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑ የስልኩ ቤት ገባ፣ ፕሪንተሩ የራውተሩ ቤት ቀረ። ሆትስፖቱ ላይ ሆነው የሚያወርዱትን ያውርዱ፤ ማተም ሲፈልጉ ወደ ቤቱ ዋይፋይ ይመለሱ። «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ጽሑፍ ከሥሩ ቢታይም ግድ የለም፤ ያትማል።

አንድ ለየት ያለ ግን አለ፣ ዘመድ ከውጭ ሊልክላችሁ ካሰበ ይጠቅማል። ኤችፒ በ2020 ኤችፒ ፕላስ የሚል አሠራር አምጥቶ ነበር፤ በዚህ የገቡ ፕሪንተሮች ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ እንዲሆኑና የኩባንያውን የራሱን ቀለም ብቻ እንዲጠቀሙ ይጠይቃሉ። ሞዴላቸው መጨረሻ ላይ ‹ኢ› የምትል ትንሽ የላቲን ፊደል አለች። እንደኛ ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥ ቤት አልመክረውም። ከአሜሪካ የሚመጣ ሌዘር ፕሪንተር ከሆነ ደግሞ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከመሰካት በፊት ጀርባውን ማንበብ ነው።

ስለ መብራቱ ጥቂት ልበል። መብራት ሲሄድ የፕሪንተሩን ሶኬት ነቅለው ያቆዩት፤ መብራቱ መጥቶ ሲረጋጋ መጀመሪያ ራውተሩን፣ እሱ ከተነሳ በኋላ ፕሪንተሩን ያብሩ። ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ በአንዴ ሲነሱ ፕሪንተሩ ቀድሞ ነቅቶ ዋይፋይ ሲፈልግ ራውተሩ ገና አልተነሳም፤ አንዳንዱ ፕሪንተር ደጋግሞ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ግን አንዴ አጥቶ ይተኛል። በሰላሙ ጊዜም ሲያጠፉት ከሶኬቱ ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ያጥፉት፤ የቀለሙ አፍ ወደ ማረፊያው ሄዶ የሚከደነው ያን ጊዜ ነው፣ ክፍት ከቀረ ይደርቃል። አቅሙ ካለ ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታቆይ ዕቃ) ብትገዙ መዝገቡ ስለማይጠፋ ግማሹ ችግር ከሥሩ ይነቀላል። ሲገዙ የራውተሩ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይተው ይሂዱ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ወደፊት ራውተር ከቀየራችሁ አንድ ነገር ይያዙ። እንደ እርስዎ ፕሪንተር ያሉ የቤት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዙ አይታያቸውም። ላፕቶፑ በ5ቱ፣ ፕሪንተሩ በ2.4ቱ ቢሆኑም ራውተሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ይገናኛሉ። ችግሩ ፕሪንተሩን መጀመሪያ ስታስገቡት ነው፤ የ5ቱን ስም ፈልጋችሁ አታገኙትም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ 2.4ቱ ላይ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ስለሚጨናነቅ፣ ፕሪንተሩ ከዘገየ ራውተሩ ላይ ቻናሉን ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 ይለውጡት።

ይህ ሁሉ የሚያደክምዎ ከሆነ ሦስት ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ገዝቶ ላፕቶፑን ከፕሪንተሩ ጋር ማሰር ነውር የለውም። ፈተና ነገ ሆኖ ዛሬ ማታ ወረቀቱ ለሚፈለግ መምህር እኔም ገመድ ነው የምመክረው። ከአምስት ሜትር በላይ ግን አይዘርጉት፣ አያስተማምንም።

የቀረው ያ ሲቪ ነው። ጂኒ አይደለም። ምናልባት የዋይፋዩን ፓስወርድ የሚያውቅ ጎረቤት አለ፤ ለሥራ ማመልከቻ ሲያዘጋጅ ስልኩ ካገኛቸው ፕሪንተሮች የእናንተን ነክቶ ይሆናል። አለዚያም ፕሪንተሩ ያለ ራውተር በቀጥታ ከስልክ ጋር የሚገናኝበት «ዋይፋይ ዳይሬክት» ክፍት ሆኖ ነው፤ የአንዳንዶቹ ፓስወርድ ከፋብሪካ ሲወጣ 12345678 ስለሆነ መገመት አያቅትም። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዋይፋይ ዳይሬክቱን ከፕሪንተሩ ገጽ ላይ ያጥፉት፣ የቤቱንም ፓስወርድ ይቀይሩ። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ ፓስወርዱን የሚቀይሩ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ይቀይሩት። ፓስወርዱ ሲቀየር ፕሪንተሩ አዲሱን ስለማያውቅ ከዋይፋዩ ይወጣል፣ እንደገና ማስገባት ይኖርብዎታል። ለማስገባት ቀላሉ መንገድ ራውተሩ ላይ «ደብሊውፒኤስ» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጭኖ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የፕሪንተሩን የዋይፋይ ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭኖ መያዝ ነው። ሲቪውን ለባለቤቱ ማድረስ ከፈለጉ ስልክ ቁጥሩ እላዩ ላይ መኖሩ አይቀርም።